ኦርካይዶ የሰበሰባቸው ሙታን

ኦርካይዶ ሰው አይወድም ይሉታል። ውሸት ነው፤ ይወዳል፣ የሚወደው ግን የሞተውን ነው። እኩያውም ጎረቤቱም ስለሆንኩ ይህን ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። "የሞተ ሰው ጨቃዬን አይጨርስብኝም" ብሎ የጠላውን ቅል ከእጄ ወሰደ።

በእኛ በኮንሶ ጀግና ሲሞት መቃብሩ ላይ ዋካ የምንለው ከጥድ የተጠረበ ምስል ይቆምለታል። መሃል ላይ እሱ ራሱ፣ ግንባሩ ላይ የጀግንነት ቀንዱን ይዞ፤ በግራና በቀኝ ሚስቶቹ፤ ከነሱ ወዲያ የገደላቸው ጠላቶች፣ ባዶ ግንባራቸውን ይዘው። የኦርካይዶ አባት ካላሾ ነብር የገደለ ሰው ነበርና ዋካው ከማሳው በላይ፣ ከገበያው መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። እናቱ ኩይታም በሕይወት እያለች ተጠርባ ከባሏ ጎን ቆማለች። ገበያ ስትወርድ የራሷን ምስል ገልመጥ አድርጋ፣ "ይሄ ጠራቢ አንገቴን አሳጠረብኝ" እያለች ታልፍ ነበር።

ኋላ የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች መጡብን። እነሱማ መች መጡ፤ ደላላ ነው የላኩብን። አንድ ጠዋት ከጎረቤት መቃብር ላይ ዋካዎቹ ሁሉ ተነቅለው ጉድጓዱ ብቻ ቀርቶ ተገኘ። የኛ ጀግና የማናውቀው ሀብታም ሳሎን ውስጥ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል ማለት ነው። ኦርካይዶ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። በማግስቱ የአባቱን ዋካ ነቅሎ፣ እናቱንም ነቅሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ጎተራው ውስጥ አስገባ። በዚያው ለመደበት። ልጆቹ ከተማ የቀሩበትን፣ ዘመድ የዘነጋውን፣ ዘመም ያለውን ሁሉ እየነቀለ ወደ ጎተራው ያግዝ ጀመር።

ሽማግሌው አባ ኩሲያ በሰው ፊት ገሠጹት።

"ዋካ አንዴ ከቆመ አይነቀልም። ቢበሰብስም ከባለቤቱ ጋር ነው የሚበሰብሰው።"

"መበስበስ ሌላ፣ መሰረቅ ሌላ፣ አባ።"

"አንተስ ምን አደረግህ? ነቀልህ አይደል?"

ሳቅንበት። እሱ አልሳቀም፤ ተነሥቶ ወደ ጎተራው ሄደ።

መዘዙ የመጣው በምስጥ ነው። ምስጥ የዋካዎቹን እግር ሲበላ ኦርካይዶ የበሰበሰውን በመጋዝ ቆረጠ፤ ጎተራው ሲጠበው ደግሞ ደረደራቸው። እርከን ሲክብ ያደገ ሰው ነው፤ የኛ ሰው ድንጋዩን በልክ በልኩ ሳይለይ ካብ አይጀምርም። ዋካዎቹንም እንደዚያው ለየ፤ ረዣዥሙን ከረዣዥሙ፣ አጫጭሩን ከአጫጭሩ፣ ሴቶቹን ለብቻ። እኔም አይቼ "ጎበዝ፣ አሁን አማረልህ" ብያለሁ። ዋካ ግን ድንጋይ አይደለም። ስም አልተጻፈበትም፤ ማን እንደሆነ የሚታወቀው አጠገቡ በቆመው ነው። ከሚስቱ ከለየኸው ያው እንጨት ነው።

ይህ የገባን ኩይታ ስትታመም ነው። ልጇን አስጠርታ፣ "ልሞት ነው፤ አባትህን መልሰህ አቁመው፣ እኔንም ከጎኑ። ባዶ ጉድጓድ አጠገብ አልቀበርም" አለችው።

ወንዶቹን ሁሉ አውጥተን ግቢው ውስጥ ዘረጋናቸው። ቀንዶቹ በመደራረብ ብዛት ተሰባብረዋል፤ ፊታቸው ላይ የምስጥ አፈር ተለጥፏል። ኦርካይዶ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ አጎነበሰ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ አጎነበሰ። አባቱን አላወቀውም። እኔም አላወቅሁትም።

ኩይታን ተሸክመን አወጣናት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታልና በእጇ ነው የምታየው። ሴቶቹ ጋ ስንወስዳት ብዙ አልደከመችም።

"ይቺ እኔ ነኝ። አንገቷን አታዩም?"

ወንዶቹ ጋ ግን ሌላ ሆነ። ዳሰሰች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አለፈች።

"ይሄስ፣ እማ?"

"አይደለም።"

"ይሄኛውስ?"

"ልጄ፣ አይደለም አልኩህ።"

ኦርካይዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። የዚያን ያህል ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ይከብዳል። "ሌባ ወስዶት ቢሆን ሌባውን እረግም ነበር" አለ። "አባቴ የጠፋው በገዛ ቤቴ ውስጥ ነው።"

እናቱ ልቅሶውን ሰማች። እጇ ያኔ አንዱ ፊት ላይ ነበር። ጣቷ አፈሩን እየፋቀ ግንባሩ ላይ ደረሰና እዚያው ቆመ። ቆየት ብላ፣ "እሱ ነው" አለች። "ካላሾ ነው። አቁሙት፤ እኔንም አስገቡኝ፣ በረደኝ።"

አቆምነው፤ የእሷንም ዋካ ከጎኑ። ማሽላው ሳይታጨድ ኩይታ ሞተች፤ እዚያው ከጎኑ ቀበርናት።

ዝናቡ ሲመጣ የምስጡን አፈር አጥቦ ወሰደው። ኦርካይዶ ከማሳው ጠራኝና በእጁ አሳየኝ። የዋካው ግንባር ልሙጥ ነበር። ቀንድ የተሰበረበት ምልክት እንኳ የለውም፤ ቀንድ ኖሮት አያውቅም። የሆነ ጀግና የገደለው የሆነ ጠላት ነው እናቱ ጎን የቆመው።

እርከኑ ላይ ተቀመጥን።

"እናቴ አልለየችውም ይሆን?"

ጣቷ ግንባሩ ላይ ሲቆም አይቻለሁ። መዋሸት እችል ነበር።

"ለይታዋለች። እሱ አለመሆኑን እያወቀች ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

"እንንቀለው?" አልኩት።

"ተወው። እሷ የመረጠችውን አልነቅልም። እሱም እኮ የሆነ ሰው አባት ነው።"

ያን ጊዜ ለእሱ አዘንኩ፤ እስከ ዛሬም አዝናለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ዋካ አልሰበሰበም። ጠዋት ጠዋት ግን የጎተራውን በር ከፍቶ አንገቱን ያስገባና "አባቴ፣ እንዴት አደርክ?" ይላል፤ ቀጥሎ ለሚቀጥለው፣ ከዚያም ለሚቀጥለው፣ ለእያንዳንዱ "አባቴ" እያለ። አንዱንም አይዘልም፤ የትኛው እንደሆነ አያውቅምና።