የባሌ ደም

ነፍሰ ጡር ሆናችሁ፣ አማታችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው፣ ነርሷ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» በሚል ዓይን ስታያችሁ... እስቲ አስቡት። በእኔ ደርሷል።

በደርግ ጊዜ ነው። ባህር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር እንኖር ነበር። ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ክሊኒክ ስሄድ የደሜ ዓይነት ኔጌቲቭ ሆነ። ሲስተሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ።

«ሰውነትሽ እንደ ቀበሌ ጥበቃ ነው። የልጁ ደም እንደ አባቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ፀጉረ ልውጥ ነው ብሎ ይነሳበታል። ያንቺው ጥበቃ ገና አልነቃም። ስትወልጂ መከላከያ መርፌ ካልተወጋሽ ግን ለሚከተሉት ልጆች እፈራለሁ።»

«ሾተላይ በይና!» አሉ ከደልጊ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ።

«እሱው ነው እማማ። መርፌው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አባትየውም ኔጌቲቭ ከሆነ ግን አያስፈልግም። ባሏ መጥቶ ደም ይስጥ።»

ባሌ አያሌው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ደም የሰጠ ወንድ ለዘመቻ ይመለመላል የሚል ወሬ ይናፈሳል። «ያረገዝሽው አንቺ፣ የምቀዳው እኔ?» እያለ ሲያጉረመርም ሰነበተና አንድ ቀን «ሄጄ ሰጠሁ» አለኝ። ተመስገን አልኩ።

ውጤቱን ልንሰማ ሁላችንም ሄድን... ኔጌቲቭ! በደስታ ልነሳ ስል ሲስተሯ አስቀመጠችኝ። ለጥንቃቄ ብላ የመጀመሪያ ልጄን የትዕግስትንም ደም መርምራ ኖሯል። ፖዘቲቭ።

«ሁለት ኔጌቲቭ ወላጆች ፖዘቲቭ ልጅ አይወልዱም» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከአያሌው ሌላ ወንድ አላውቅም! አማቴ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው የትዕግስትን ፊት መመርመር ያዙ። «አፍንጫዋስ ድሮም ግራ አጋብቶኝ ነበር» አሉ።

ወደ ባሌ ዞርኩ። ጥርጣሬ አያለሁ ብዬ ስፈራ... እሱ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ተናገር እንጂ!» አልኩት።

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ምነው ልጄ?» አሉ እናቱ።

«እኔ... አልሰጠሁም» አለ በመጨረሻ። «ጓደኛዬን በላይን ነው የላክሁት። እሱ እግሩን ያነክሳል፣ ለዘመቻ አይፈልጉትም። በኔ ስም ሰጠልኝ።»

ከእፎይታው ንዴቱ ቀደመኝ። በሰው ደም ተማምኜ መርፌውን ብተው ኖሮ ልጆቼ ሊያልቁብኝ! ደግሞስ ያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ስሜ ሲጠፋ ማየቱ? አለቀስኩ።

ሲስተሯ ሳቋን ውጣ እጅጌውን ሰበሰበችለት። አማቴ ወንበራቸውን አስጠጉና «እኔ እያየሁ ይቀዳ!» አሉ።

ፖዘቲቭ። መርፌውም በጊዜው ደረሰልኝ፤ ከዚያም በኋላ ወልጄ ስሜያለሁ።

ብቻ እስከ ዛሬ ባሌ «ይህን አደረግሁ» ባለኝ ቁጥር «አንተ ነህ ወይስ በላይ?» እለዋለሁ።