በግራ በኩል የተገጠመው መነጽር

ሄልቪ የጠመንጃ ሻጩን ዱዌይንን መጥላት የጀመረችው ገና ሰላም ሳይላት ነው። ሰላም ያለው ባሏን ነበርና። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ኤም ዋን ጠመንጃ በአገጯ እያመለከተች፣ "አፈሙዙ ምን ያህል ተበልቷል?" ብላ ጠየቀችው። ዱዌይን ጥያቄውን በደንብ ሰማ፣ ጠመንጃውን አወረደ፣ ከዚያም ዞር ብሎ መልሱን ለባሏ ለዌንደል ሰጠው።

"ብዙም አልተበላም። የድሮ የጦር ሠራዊት ዕቃ ነው፤ አንዴ ካጎረሱት ራሱ እያቀባበለ ይተኩሳል። ለባለቤትዎ ግን አይከብዳቸውም ይላሉ?"

ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ስለ ጠመንጃ የሚያውቀው በየትኛው ጫፍ በኩል መቆም እንደሌለበት ብቻ ነው።

"እኔን ምን ትለኛለህ? የጠየቀችህ እሷ!" አለው።

"አይ፣ እንዲያው ለማለት ነው። ይኸውልዎት፣ ጥይት ሲጎርስ መቀርቀሪያው ተወርውሮ ነው የሚዘጋው። አውራ ጣታቸውን እንዳይበላቸው ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ። እንዲህ ሲያደርጉት..." አለና ሊያሳይ ጣቱን ከተተ። መቀርቀሪያው ጧ ብሎ ተዘጋበት። ዱዌይን የጮኸው ጩኸት ሱቁ ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ አስደነገጠ።

"አየህ ዌንደል፣" አለች ሄልቪ፣ "እንዲህ አይደረግም ማለቱ ነው።"

ጠመንጃውን ያን ዕለት ገዝታ ወጣች። እየሳቀች ወጣች እንዳልል ግን አልሳቀችም። በዚያ ዓመት ሄልቪን የሚያስቃት ነገር አልነበረም፤ ቆሽቷ ካረረ ከርሞ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በላይኛው ሚሺጋን ኅዳር ሲጋመስ የአጋዘን አደን ይከፈታል፤ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል፣ የጥርስ ሐኪሙም ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ደማቅ ብርቱካንማ ለብሶ ጫካ ይገባል። የሄልቪ አባት ኤይኖ ሐይቁ አጠገብ ካለው ጥድ ጫካ ውስጥ የአደን ጎጆና ሳውና ሠርቶ ነበር፤ ከጎጆው ራቅ ብሎ፣ ረግረጉን ቁልቁል የሚያይ የእንጨት ማማም ነበረው። ኮሪያ ሲዘምት የያዘው ኤም ዋን ነበርና ሲመለስም ፈልጎ የገዛው ያንኑ ዓይነት ነው። ልጁን መተኮስ ያስተማራት በእሱ፣ እዚያ ማማ ላይ ነበር። ሲሞት ማማውን ለእሷ ሰጣት። ስለ ጠመንጃው ግን ምንም ሳይናገር ሞተና ታላቅ ወንድሟ ኡርሆ ወስዶ በጀልባ ሞተር ለወጠው። ሳይጠይቃት! ሞተሩም በሁለተኛው ክረምት ሐይቅ ውስጥ ገባ፤ እሰየው።

ከዚያ ወዲህ ሄልቪ በአንዲት ቀላል ጠመንጃ ስታድን ኖረች። አምና ግን ጉድ መጣባት። በመክፈቻው ጠዋት አንዲት አጋዘን ከረግረጉ ብቅ ስትል ተኮሰች። ተኩሱ ሲያስተጋባ ድርብ ሆኖ ተሰማት። አጋዘኗ ዘልላ ጥድ ውስጥ ገባች። ደም ነበረ። ሄልቪና ኡርሆ ያንን ደም ተከትለው እስኪመሽ ተንከራተቱ፤ አጋዘኗ አልተገኘችም። የቆሰለ እንስሳ ጫካ ውስጥ ጥሎ ከመግባት የሚከፋ ነገር በዚያ ጎጆ የለም። ዒላማ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጅራት ተቆርጦ ግድግዳ ላይ ይቸነከርበታል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። በሄልቪ ግን ማንም አልሳቀም። ኡርሆ በአክስቶቻቸው ልጆች ፊት ቆሞ፣ "እህቴ፣ ዓይንሽ ደክሟል። ሌላ ካቆሰልሽ ማማው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ አንቺ ወጥ ቤቱን ትይዣለሽ" አላት። አንገቷን ደፍታ ሰማችው። አንገቷን መድፋቷ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግባት።

የዓይን ሐኪሙ ደህና ነሽ አላት፤ አላመነችውም። ደም ያየ ሰው ሐኪም አያምንም። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ፣ አጋዘን በቅጡ ያላየ ዓይን የሰው ልጆች ጭኖ በረዶ ላይ አይሄድም ብላ ቁልፉን አስረከበች። ልጆቹ በወረቀት የሠሩላትን አበባ ተቀብላ መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ስትገዛው የሰማነውን ጠመንጃ ገዛች። ይዛ ያደገችው ዓይነት ነው፣ ማነጣጠሪያ መነጽር ይገጠምበታል፣ ካልሆነም የማታ ማታ ቁርጤን አውቃለሁ ብላ።

ጠመንጃውን ለዱዌይን የሸጠው ሰው ማን እንደሆነ ባወቅን! ሰደፉን የበር ቀለም ቀብቶታል። አረንጓዴ፣ ያውም ሁለት እጅ። ሄልቪ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጣ ቀለሙን በማስለቀቂያ ፈሳሽና በጨርቅ ስትልጥ ሰነበተች። በብርጭቆ ወረቀት አልነካችውም፤ ቀለሙ ሥር የጦር ሠራዊቱ ማኅተም ተመትቶ ነበርና፣ ወረቀቱ እንጨቱን ሲያለሰልስ ማኅተሙን ይበላዋል። የጎደጎደውን ቦታ እርጥብ ጨርቅ እያለበሰች በልብስ ካውያ ተኮሰችው፤ እንጨቱ እንፋሎቱን እየጠጣ ተነፋ። ከዚያ የተልባ ዘይት በመዳፏ እያሸች፣ እያደረቀች፣ ደግሞ እያሸች። ከአፈሙዙ ሥር ያለው የጋዝ ቱቦ ባሩድ ጠግቦ ጠቁሮ ነበር፤ ፋቀችው። ስፕሪንጎቹን ለወጠች። አንዱን ብሎን ስትፈታ ኡርሆን ትሰድበዋለች፣ ሌላውን ስታጠብቅ ራሷን።

"ጠመንጃው ምን አደረገሽ?" ይላታል ዌንደል ከበሩ።

"እሱማ ምንም አላደረገኝ!"

መነጽሩ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ኤም ዋን ጥይት የሚጎርሰው ከላይ ነው፤ ሲጨርስም ጥይቶቹን አንድ ላይ ይዞ የነበረውን ባዶ የቆርቆሮ ማቀፊያ ወደ ላይ ይወረውራል። ስለዚህ መነጽሩ መሐል ላይ አይቀመጥም፤ ወደ ግራ ገፋ ብሎ ነው የሚታሰረው። ለዚያ ደግሞ ብረቱ መበሳት አለበት። ይኼ ሲሰማ ዱዌይን ሱቅ ውስጥ ቡና የሚጠጡት ሁሉ ለቅሶ ተቀመጡ።

"ይኼን ብረት መብሳት ወንጀል ነው! ታሪክ እኮ ነው!" አለ አንዱ።

"አረንጓዴ ሲቀባ ታሪክነቱ የት ሄዶ ነበር?" አለች ሄልቪ።

"ባለቤትዎ ይቆጡናል" አለ ዱዌይን ለዌንደል፣ አውራ ጣቱ እንደተጠቀለለ።

"ገና ምኑን አይተህ" አለው ዌንደል።

በማዕድን ማውጫው ዎርክሾፕ ይሠራ የነበረ ጎረቤታቸው በሳላት። የብረቱ ብናኝ ወለሉ ላይ ረገፈ፤ የማይመለስ ነገር ነው። ግን አላስቆመችውም። መነጽሩ ወደ ግራ ስለሆነ ጉንጯ አልደርስ ሲላት ዌንደል የቆዳ ትራስ ሰፍቶ ሰደፉ ላይ በጠፍር አሰረላት። ስፌቱ እንደ ጫማ ስፌት የጠበቀ ነበር። በጠጠር ማውጫው ጉድጓድ ወረቀት ሰቅላ ተኮሰች፤ ብሎኑን ጥቂት ዞር፣ ደግሞ ተኩስ። ጥይቶቹ በአንድ ቡና ስኒ አፍ ውስጥ ገቡ።

"ታዲያ ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለ ዌንደል።

"ወረቀት አይሮጥም" አለችው።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ሄልቪ ማማው ላይ ወጥታ አምስት ጥይት አጎረሰች፤ ለአደን የተሠራው ማቀፊያ የሚይዘው ያንኑ ነው። ጎሕ ሲቀድ አንድ ቀንዳም አጋዘን ከረግረጉ ማዶ ወጣ። በመነጽሩ አየችው፤ የአፍንጫው እንፋሎት ሳይቀር ይታያል። ከቅርንጫፍ ጀርባ ስለነበር ጣቷን ይዛ ጠበቀች። ትንሽ ይራመድ።

ተኩስ ጮኸ። የእሷ አልነበረም። አጋዘኑ ወገቡ ሸብረክ አለ፣ ተነሣ፣ እየተንገዳገደ ጥድ ውስጥ ገባ።

ሄልቪ ከማማው ስትወርድ ኡርሆ ከታች በኩል ጫካውን እየጣሰ መጣ። ከመድረሱ በፊት ድምፁ ደረሰ፤ ጎጆው ድረስ እንዲሰማ አድርጎ ነው የሚጮኸው።

"ምነው ሄልቪ! ደግሞ አቆሰልሽ? ሆዱ ላይ እኮ ነው የመታሽው!"

ድርብ ሆኖ የተሰማት የአምናው ተኩስ ጆሮዋ ውስጥ እንደገና ጮኸ። ማስተጋባት አልነበረም።

"ና ወዲህ" አለችው።

"ደሙን እንከተል እንጂ..."

"ና ወዲህ አልኩህ!" እጁን ጎትታ የጠመንጃዋ አፈሙዝ ላይ ለጠፈችው። ብረቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዝ ነበር። መቀርቀሪያውን ስባ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እግሩ ሥር አራገፈቻቸው። አምስት። "ቁጠራቸው። ቁጠራቸው እንጂ! አሁን ያንተን አሳየኝ።"

ኡርሆ ጠመንጃውን ከጀርባው አላወረደም። ብርቱካንማ ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ጨመደደ።

"አምናም አንተ ነህ።"

ኡርሆ ደሙ ወዳለበት ሊራመድ ዞረ።

"ኡርሆ! አምናም አንተ ነህ ወይ?"

"ዓይኔ ነው" አለ። "ቀኝ ዓይኔ መሐሉ የለም። ዙሪያውን አያለሁ፣ መሐሉ ጭጋግ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ካወቁ ጠመንጃዬን ይነጥቁኛል፣ መኪና ይከለክሉኛል፣ ከዚያ ምን ቀረኝ?"

"ስለዚህ የእኔን ዓይን ሰጠሃቸው!" ድምፏ ተሰነጠቀ። "እኔ እኮ አውቶቡሱን ተውኩ! ዓመቱን ሙሉ አንዱን ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ መስታወት ፊት ስቆም ከረምኩ! ስትሰማ ዝም አልክ። አውቶቡሱን ስተው መጥተህ ደግ አደረግሽ አልከኝ!"

"ብያለሁ።"

ልትመታው ትችል ነበር፤ እጇም ተነሥቶ ነበር። ግን ጥዱ ውስጥ የቆሰለ እንስሳ ነበረና አጎንብሳ ጥይቶቿን ለቀመችና መልሳ አጎረሰች።

ደሙን ቀድማ እየተከተለች ሄደች፤ እሱ ከኋላ። አንዴ ሥር አደናቅፎት ሲወድቅ ሰማች። ዞራ አላየችውም። ከዚያ በኋላ ግን እየሄደች፣ "ሥር!" ትላለች በቁጣ። ጥቂት ሄዳ፣ "ጉድጓድ!" "ቅርንጫፍ፣ ዝቅ በል!" እሱም እሺ እያለ ይከተላታል።

አጋዘኑን የወደቀ ግንድ ሥር ተኝቶ አገኙት። ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። ሄልቪ ጉንጯን ሰደፉ ላይ ባለው የቆዳ ትራስ አሳረፈች፣ አንዴ ተኮሰች። አለቀ።

ኡርሆ ግንዱ ላይ ተቀመጠ። "ለአክስቶቻችን ልጆች ምን እንላቸዋለን?" አለ በስተመጨረሻ።

"እኔ ምንም አልልም። አንተ ትነግራቸዋለህ፣ እኔ ቆሜ እሰማለሁ።"

እየጎተቱት ጎጆው ሲደርሱ የአክስቶቻቸው ልጆች ጣሳቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። አንደኛው ሄልቪን አይቶ፣ "ማን ተኮሰ?" አለ፤ ሌላኛውም ለመሳቅ አፉን አዘጋጀ። ኡርሆ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ለእሷ ሰጣትና ቆቡን ሳያደርግ ተናገረ። ያምናውን ተናገረ፣ የዛሬውን ተናገረ፣ ዓይኑን ተናገረ። አሳጥሮ አልነበረም፤ አንዲት ነገር ሊዘል ሲል ሄልቪ "አውቶቡሱንም" አለችው፣ እሱንም ጨመረ።

አንዱ ጣሳውን አስቀምጦ ማንን እንደሚያይ ጨነቀው። ኡርሆ ሲጨርስ ወደ እህቱ ዞሮ፣ ይቅር ትይኝ ይሆን በሚል ዓይን ፈለጋት። የቆመችው በቀኙ ነበርና ፊቷን በግራ ዓይኑ ለማግኘት አንገቱን ብዙ ማዞር ነበረበት። ሄልቪ ይኼን አየች። አዘነችለት፤ ቁጣዋ ግን አልወጣላትም፣ ቶሎ እንዲወጣላትም አልፈለገችም። በእያንዳንዱ ትከሻዋ አንድ አንድ ጠመንጃ አንግታ አልፋው ገባች።