በፊንሌ ኪስ የቀረው ጓል

በእማማ ዶሊና ምድጃ ያለው እሳት ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። ሙሽራ ሆነው በገቡ ዕለት አማታቸው ከራሳቸው ምድጃ ፍም ጭረው ሰጧቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሲመሽ በአመድ ያዳፍኑታል፣ ሲነጋ አመዱን ገልጠው ይቀሰቅሱታል። ባላቸው በሞቱበት ቀን እንኳ አልጠፋም። ያጠፉት ልጆቻቸው ናቸው፤ ያውም ሁለቱም የሚሳሱላቸው ልጆቻቸው።

ታላቁ ፊንሌ ነው። ሠላሳ ዓመት በመርከብ ሞተር ክፍል ሲጠበስ ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞትበት ወደ እናቱ ቤት የተመለሰ፣ ከሰው ይልቅ ከሬዲዮ ጋር የሚያወራ ሰው። ዜና አንባቢውን "ውሸታም!" ብሎ ሲሰድበው ከመንገድ ይሰማል። ታናሹ ቶርኪል ሦስት ቤት አልፎ ይኖራል፤ በግ ያረባል፣ መንደሩ ሁሉ የሚስቅበት አሮጌ ትራክተር አለው። አንድ ልጁ ሥራ አጥቶ አውስትራሊያ ከገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

በኛ ደሴት፣ በስኮትላንዷ ሉዊስ፣ ዛፍ ብርቅ ነው፤ ማገዶ የሚቆረጠው ከረግረግ ነው። በግንቦት ፊንሌ ሲደርቅ እንደ ከሰል የሚነደውን ጥቁር እርጥብ አፈር በረጅሙ መቁረጫ ይቆርጣል፣ ቶርኪል ከታች ቆሞ እየተቀበለ ሣሩ ላይ ይወረውራል። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ከዚያ ለንፋስ ይተዋል። ደርሷል ሲባል ቆራጩ ይወጣና አንድ ጓል አንስቶ በጉልበቱ ይሰብራል። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግማሹን ይዞ ባለትራክተሩ ቤት ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። ያች ግማሽ ጓል ካልመጣች ትራክተር አይነሳም። የሌላ ሰው ጓል ሳይጠሩ መጫን፣ የወንድምም ቢሆን፣ በኛ ዘንድ ከሌብነት አንድ ነው።

ያን ዓመት ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትገንጠል ወይስ አብራ ትቆይ ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ሊሰጥ ነበር። ክረምቱን በሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረንም። በነሐሴ መጨረሻ በመንደሩ አዳራሽ ክርክር ተጠራና ፊንሌ፣ ያ ዝምተኛው ፊንሌ፣ ተነሥቶ ቆመ።

"የቆጡን አወርድ ብለን የብብታችንን እንዳንጥል ነው እኔ የምፈራው" አለ። "ጡረታዬን ነገ ማን ይከፍለኛል?"

"ጡረታ፣ ጡረታ! አገር በጡረታ ይለካል እንዴ?" አለ ቶርኪል ከኋላ ወንበር። "ለንደን ያለው ሰውዬ የኛን መንደር በካርታ እንኳ አያገኛትም። የራሴ ጣሪያ ያፍስስብኝ እንጂ በሰው ቤት ጥግ አላረጅም!"

"ኧረ ተው! ትራክተርህን ማስነሳት አቅቶህ በገመድ የምታስጎትት ሰውዬ፣ አንተ ነህ አገር የምታስነሳው?"

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። የቶርኪል ፊት ደም መሰለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

"አንተ ደግሞ ወልደህ አልሳምክ!" አለ። "የነገዋ አገር ምንህ ናት? ድምፁን ለወለዱት ተውላቸው!"

ሳቁ ቀጥ አለ። ፊንሌና ሚስቱ ሁለት ጊዜ ወልደው ሁለት ጊዜ ቀብረዋል። ሁለቱንም ትንንሽ ሣጥኖች ታቅፎ ወደ መቃብሩ የወሰደው ይኸው ቶርኪል ነው። ተናግሮ ሲጨርስ ራሱም ክው አለ። ፊንሌ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

መስከረም ገባ። እንዲያ ያለ ደረቅ መስከረም በዕድሜያችን አላየንም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ማገዶውን ጭኖ ከቤቱ ጎን ከመረ። ፊንሌም ወጥቶ አንድ ጓል ሰበረ። ቀጭ! ግማሹን ኪሱ ከተተና ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ።

"ደረቀ?" አሉ እማማ ዶሊና።

"ሊደርቅ ነው።"

"ባለፈው ሳምንትም ሊደርቅ ነበር።"

"እማዬ፣ እኔ ደጁ አልቆምም። መጥቶ ይቅርታ ይበለኝ።"

"እሱ ጓሉ ሳይመጣ አይመጣም። አንተ እሱ ሳይመጣ አትሄድም። እንግዲህ ማናችሁን ልማግድ?"

ፊንሌ አልሳቀም። እሳቸውም አልሳቁም፤ ከቤቱ ጎን የቀረችው ያለፈው ዓመት ክምር ከወገብ በታች ወርዳ ነበር።

የምርጫው ዕለት ሁለቱም ልጆች እናታቸውን ለመውሰድ መኪና አስነሥተው ደጅ ላይ ተገናኙ። ሰላም አልተባባሉም። እማማ አንዱንም አንዱንም አይተው ከፖስታ አዳይዋ ጋር ሄዱ። "ለማን ሊሰጡ ነው?" ብትላቸው "ለደረቅ ማገዶ" አሏት።

ፊንሌ ያን ቀን የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ነበር የለበሰው። ጓሏን ከሥራ ኮቱ አውጥቶ ወደዚያ አዛውሯታል። ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቶርኪልን ሳገኘው እጁ ላይ አደርጋታለሁ፣ ምንም አልናገርም ብሎ ቆርጦ ነበር። ደግሞም አገኘው። ቶርኪል እንገንጠል የሚሉትን ሰማያዊ ምልክት ደረቱ ላይ ለጥፎ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል፤ አንዲት ጎረቤት ሕፃኗን አሳቅፋው ገብታ ነበርና እያጫወተ ይስቃል። ቀና ሲል ወንድሙን አየው፤ ሳቁ ጠፋ። ፊንሌ ግን ያየው ሕፃኑን ብቻ ነው። እጁ ኪሱ ውስጥ ጓሏን እንደጨበጠ አልፎት ገባ።

በማግሥቱ ሬዲዮው ነገረን፤ አብረን እንቆይ ያሉት በለጡ። ፊንሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና አንባቢውን ሳይሰድበው ዘጋው። አሁን ብሄድ ሊሳለቅብኝ መጣ ይላል ብሎ አንድ ሳምንት ተቀመጠ። በሳምንቱ ደግሞ ይኼን ያህል ቆይቶ እንዳይባል ፈራ። ቶርኪልም በበኩሉ በየጠዋቱ ትራክተሩን ያስነሣል፣ እስኪደክመው ያስጮኻል፣ ወደ ወንድሙ ቤት አየት ያደርግና ያጠፋዋል። ያ በገመድ የሚጎተት ትራክተር ያን ሰሞን አንድ ቀን እንኳ አልገገመም። ኧረ ሽማግሌ ሲያኮርፍስ ከሕፃን ይብሳል! እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ፤ የነዚህ እልህ ግን የእናታቸውን ማገዶ ነው የዋጠው።

በጥቅምት ዝናቡ ከባሕሩ ተነሥቶ ወረደብን። በአራተኛው ቀን ቶርኪል ሳይጠራ መጣ፤ ውሃው ከቆቡ ይንጠባጠባል።

"ትራክተሩ ደጅ ነው" አለ።

"እሺ" አለ ፊንሌ።

ተያይዘው ወደ ረግረጉ ወጡ። ትራክተሩ ረግረጉ ጫፍ ላይ እስከ ጎማው ግማሽ ሰጠመ። ጓሎቹ በግንቦት ወደነበሩበት ጭቃ ተመልሰው ነበር፤ በእጅ ሲያነሷቸው በጣት መሃል ያመልጣሉ። ሁለት ሽማግሌዎች በጆንያ ተሸክመው ያወጡት ሲማገድ ጭስ ብቻ ሆነ። የአጥር እንጨት ፈለጡ፣ የተሰበረ ወንበር ፈለጡ። አንድ ጠዋት እማማ ዶሊና ጎንበስ ብለው አመዱን ገለጡ፣ አሁንም ገለጡ፣ መጨረሻ ላይ በእጃቸው ዳበሱት።

"ጠፋ" አሉ።

ክብሪትማ ለማን ይጠፋል? ግን ያ እሳት ሌላ ነው፤ ለአዲሱም ቢሆን የሚማገድ አልነበረም። ቶርኪል ወደ ስቶርኖዌይ ከተማ ወርዶ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ መጣ።

ቅዳሜ ነበር። እሁድ ሥራ ስለማይነካ እማማ የፊንሌን የቤተ ክርስቲያን ኮት አውርደው ይቦርሹ ጀመር። ቶርኪል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ማሞቂያውን ይሰካል። እማማ ኪሱን ሲገለብጡ ግማሽ ጓል እጃቸው ላይ ወደቀች። በጥፍራቸው መቷት፤ ቀው አለች።

"ይቺ መቼ ነው የደረቀች?"

ፊንሌ መሬት መሬት አየ።

"አንተን እኮ ነው!"

"መስከረም።"

"መስከረም መቼ?"

"ከምርጫው በፊት።"

ቶርኪል ሽቦውን እንደያዘ ቀረ። "ይዘህልኝ መጥተህ ነበር?"

"ትምህርት ቤቱ በር ድረስ።"

"ሕፃኑን ለእናቱ ሰጥቼ ልመጣ ስል አለፍከኝ" አለ ቶርኪል። "እግርህ ላይ ልወድቅ ነበር፣ ወንድሜ። በእግዜር እውነት ልወድቅ ነበር።"

ፊንሌ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጭ ያው ዝናብ ነው። እማማ ዶሊና ጓሏን ወስደው ቀዝቃዛው አመድ ላይ አስቀመጧት። ፊንሌ ዞር ብሎ አያቸውና ቶሎ ብሎ ክብሪት ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።

"ተወው" አሉት። "አንድ ጓል ለብቻው አይነድም።"

ከዚያ ወንበራቸውን ወደ ማሞቂያው አስጠግተው ተቀመጡ።