የአባባ ጋልታ ወናፍና የጸሎት ቤታችን ፒያኖ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ሰው ገብቶ ውሃ ከማይጠጣበት ቤት ነበር። ጂንካ ዳር፣ ከነሪ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩ አባባ ጋልታ የሚባሉ ቀጥቃጭ ነበሩ። አገሩ ሁሉ በእሳቸው ዶማ ይቆፍራል፣ በእሳቸው ማጭድ ያጭዳል፣ በእሳቸው ቢላ ያርዳል፤ እሳቸው ቤት ግን አይቀምስም። ለምን ቢሉ፣ ብረት ስለሚቀጠቅጡ! ሌላ ምክንያት የለም። ጢማቸው እንደዚያ ሸብቶ ከእኔና ከወላይታ ከመጣው አናጢ ከመስቀሌ በቀር «አንቱ» የሚላቸው ሰው አላየሁም። የሰፈሩ ውሪ ሳይቀር «አንተ ጋልታ!» ነበር የሚላቸው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከትምህርት ቤት ስለቀቅ፣ ከተማው መሐል ያለውን ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ አቋርጬ፣ አባቴ ሳያየኝ ወደ እሳቸው ጎጆ እሮጥ ነበር። ያኔ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጎጆው ውስጥ ብርሃን የሚባለው ፍሙ ብቻ ነው፤ እሳቸው በግራና በቀኝ እጃቸው ሁለቱን የፍየል ቆዳ ወናፎች እያፈራረቁ ሲጫኑ ፍሙ ይቀላል፣ ፊታቸው ይታያል፤ ሲተዉት ደግሞ ፊታቸው ይጠፋና ድምፃቸው ብቻ ይቀራል። ጢሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ አመዱ ውስጥ የተቀበረልኝን ጎደሬ እጠብቃለሁ። እበላም ነበር፤ ይኸው አልሞትኩም!

ተረት ከመጀመራቸው በፊት «አንቺ የጸሐፊ ልጅ፣ ጆሮሽን ጠርገሽ መጣሽ?» ይሉኛል። «ጠርጌአለሁ» ካላልኩ አይጀምሩም። የአገሩን ቋንቋ አሪኛውን ከአማርኛው እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት። ከሁሉ አብልጬ የምወደው የነፋሱን ተረት ነበር።

«አንድ አገር ሰዉ ነፋስ ጠላ። ጣሪያችንን ይገለብጣል፣ ዓይናችን ውስጥ አቧራ ይሞጅራል አለ። ሽማግሌ ተላከ፤ 'እባክህ ሂድልን' አሉት። ነፋስም እሺ ብሎ ተራራውን ተሻግሮ ሄደ። ሰዉ ጨፈረ፣ በሬ አረደ። ከዚያ ማሽላው ደረሰ፣ ታጨደ፣ ተወቃ። ሊያዘሩ ወደ ላይ ሲወረውሩት ገለባውም እህሉም አንድ ላይ እግራቸው ሥር ዱብ! ደግመው ቢወረውሩት፣ ዱብ! ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ያ ሁሉ ሽማግሌ ተንበርክኮ በአፉ ፉ! ፉ! ፉ!»

ጉንጫቸውን ነፍተው ሲያሳዩኝ በሳቅ እፈርሳለሁ። «ከዚያስ?» እላለሁ። «ከዚያማ» ይላሉ ወናፋቸውን አንስተው፣ «ከዚያማ ገለባ በሉ።»

ወደ ፒያኖው ልምጣ። በጸሎት ቤታችን አዳራሽ ጥግ፣ ድሮ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት ትልቅ ጥቁር ፒያኖ ቆሞ ነበር። ይህ ፒያኖ ራሱን ያጫውታል። ከፊቱ ብዙ ቀዳዳ ያለበት የወረቀት ጥቅል ይገባለታል፤ ሰው ተቀምጦ ከታች ያሉትን ሁለት መርገጫዎች በእግሩ ሲረግጥ ሆዱ ውስጥ ያሉት ወናፎች አየር ይስባሉ፣ ወረቀቱ ይሽከረከራል፣ ቁልፎቹ የሰው ጣት ሳይነካቸው እየወረዱ መዝሙሩን ይጫወታሉ። እንዲህ ሲባል እንሰማ ነበር እንጂ ያየነው የለም። ወናፎቹን አይጥ በልቷቸዋል፣ ፒያኖውም ዲዳ ሆኗል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ይመስለኛል፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች ይጠገን ወይስ ይነቀል ብለው መከራከር ጀመሩ። አባቴ የጉባኤው ጸሐፊ ስለነበር ስብሰባው እኛ ቤት ነው፤ እኔም ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። ግማሾቹ «የሆድ ዕቃው ይውጣና ባዶው ፒያኖ በእጅ ይመታ» አሉ። «ማን ሊመታው? ከመካከላችን ፒያኖ የሚችል ማን አለ?» ተባለ። እውነትም አንድ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ይጠገን ተባለና ሥራው ለመስቀሌ ተሰጠ።

መስቀሌ እንጨቱን አሳመረ፣ ቱቦዎቹን ቀየረ፤ ወናፉ ላይ ሲደርስ ግን አቃተው። ሞኝ አልነበረምና ጂንካ ውስጥ ወናፍ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሁለቱን ትልልቅ ወናፎች በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ አባባ ጋልታ ይዟቸው መጣ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሽማግሌው ገልብጠው አዩ፣ አሸተቱ፣ ሳቁ። «ፈረንጅም ለካ ወናፍ አለው!» አሉ። ከዚያ የግልገል ቆዳ ፍቀው አለፉ። ቀጭን ከሆነ ይቀደዳል፣ ከወፈረ አይተነፍስም እያሉ ስንቱን ቆዳ ጣሉት መሰላችሁ! ማታ ማታ ተረቱ ቀርቶ ስለ ቆዳ ብቻ ሆነ ወሬያችን። ስንሰናበት «እሑድ ሲዘፍን እሰማዋለሁ» አሉኝ። የጠየቁት ሌላ ነገር የለም። ዋጋም አልጠየቁም።

እሑድ ደረሰ። መስቀሌ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መርገጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ሲር የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዚያ ቁልፎቹ ብቻቸውን ወረዱ። አንዲት እናት «በኢየሱስ ስም!» ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚያ ግን መዝሙሩ የምናውቀው ሆኖ ተገኘና አዳራሹ በዝማሬና በእልልታ ተናጠ። በመስኮት ስመለከት አባባ ጋልታ ከአጥሩ ውጭ፣ ሙዙ ሥር ቆመው፣ በሁለት እጃቸው አየሩን እያፈራረቁ ይጫኑ ነበር።

ምነው ያን ቀን ምላሴ በታሰረ! ጸሎቱ ሲያልቅ ሰዉ ፒያኖውን ከበበው። አንድ ሽማግሌ ክዳኑን እየዳሰሱ «መስቀሌ፣ ይህን ቆዳ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣኸው?» አሉ። መስቀሌ ሳል ሳል አለው። እኔ ኩራቴ አላስችል አለኝና «አባባ ጋልታ ናቸው የሠሩት! ቆዳውን ያለፉት እሳቸው ናቸው!» ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው እጃቸውን ከክዳኑ አነሱ። አንስተውም ኮታቸው ላይ ጠረጉት። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።

በሳምንቱ ጉባኤው እንደገና እኛ ቤት ተቀመጠ። አንዱ «ምእመኑ ቅር ይለዋል» አለ፤ ሌላው «ገበሬው ጥሎን ይሄዳል» አለ። በክርስቶስ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ያስተማረን ሰውዬ እንኳ ከእነሱ ጋር እጁን አወጣ! አባቴም ብዕሩን አንስቶ በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ጽፎ ፈረመ፦ «ፒያኖው ራሱን የሚያጫውትበት ሲስተም ጊዜው ያለፈበት በመሆኑ ተነቅሎ እንዲወጣ፣ ፒያኖው ግን ለአገልግሎት እንዲቆይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።»

ጊዜው ያለፈበት! ቆዳው ገና ሽታው አልለቀቀም እኮ! ሰዎቹ ሲወጡ ወረቀቱን አነበብኩና «አባዬ፣ አሁን በአፋችሁ ፉ ልትሉ ነው? ገለባ ልትበሉ ነው?» አልኩት። ተረቱን ከየት እንዳመጣሁት ገብቶታል። በጥፊ መታኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም፤ ከዚያ በኋላም አልመታኝም።

መስቀሌ «እኔ አልነቅልም» ብሎ መዶሻውን ይዞ ሄደ። ሌሎች ነቀሉት፣ እንጨት እንጨቱን እየያዙ፣ ቆዳው እንዳይነካቸው እየተጠነቀቁ። ከአዳራሹ ጀርባ ጣሉት፣ ዝናብም መታው። ፒያኖው «ለአገልግሎት» ቆየ፤ አገልግሎቱም አበባ ማስቀመጫ መሆን ነበር።

እኔ እያለቀስኩ ወደ ጎጆው ሮጥኩ። አባባ ጋልታ ወሬውን ሰምተዋል፤ ወናፋቸውን አቁመው ፍሙን ያዩ ነበር። «እኔ ነኝ ምስጢሩን ያወጣሁት፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እውነት ነው የተናገርሽው፤ እውነት ተናግሮ የሚያለቅስ ልጅ አለ?» አሉኝ። ቀጥለውም በቀስታ «ከእንግዲህ ግን አትምጪ፣ ልጄ። አባትሽ በእኔ ምክንያት እንዳይመታሽ» አሉ። ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ያን ቀን ተረት የለም፤ ከዚያም በኋላ አልነበረም። እሳቸው ከሁለት ክረምት በኋላ ሞቱ።

አሁን እኔ ራሴ ጂንካ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ አባቴም አርጅቷል። ስለዚያ ጉዳይ ባነሳሁ ቁጥር «ያኔ እኮ ዘመኑ እንደዚያ ነበር» ይለኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል፤ ያኔ፣ ያኔ! ዘመን ጥፊ ይማታል? ዘመን ቃለ ጉባኤ ይጽፋል? ከእነዚያ ምሽቶች የቀረልኝ ይህ ቁጣ ነው፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ባለፈው አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና «አባዬ፣ ዘመኑን ተወው። የፈረምከው አንተ ነህ» አልኩት።

«ፈርሜአለሁ» አለኝ፤ «ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር።»

ያን ቃል ሊሰሙት የሚገባቸው ሰው የሉም። የሰማሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ይቅር ልለው መብት የለኝም።