እንደ ሕፃን የታቀፍኩት ክራንክሻፍት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። «ተይው፣ አይሆንም» የሚለኝ ሰው በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው አንኮበር ነው። በየገበሬው ቤት እየዞርኩ ከብትና በግ አክማለሁ። የምዞርበት ሞተር ሳይክል አባቴ ሲሞት የተወልኝ፣ ዕድሜው ከእኔ የሚበልጥ ነው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ውስጥ እንደ መዶሻ ኳ! ኳ! ሲል ቆየና ቀጥ አለ። ሲፈታ ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዋናው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ተሰንጥቋል። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታም ደቅቋል።

ክራንክሻፍቱን ይዤ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የአንድ ጋራዥ ባለቤት የሆኑት ጋሼ ታደሰ አገላብጠው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ የዚህ ዕቃ ከገበያ ከጠፋ ቆየ። ለቆራሌው ስጪው። ደግሞስ ሴት ልጅ ሞተር ምን ያደርግልሻል?»

«ከብት አክምበታለሁ። ብረቴን ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

እንዳይጋጭብኝ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው ወደ አንኮበር የሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ወንበሩ ሞልቷል። አንዲት እናት አዩኝና አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ተቆጡት። «ተነሥላት እንጂ! አራስ ልጅ ታቅፋ አታይም?» ሰውየው ደንግጦ ተነሣ። እኔም ብረት ነው ለማለት አፍሬ ቦታው ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙ ሳንርቅ እናትየዋ «ፊቱን ግለጪለት፣ ይታፈናል» ብለው ጋቢውን ራሳቸው ገለጡት። ዘይት የጠገበ ጥቁር ብረት! መኪናው በሳቅ ተናጋ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ልጁ ማንን መሰለ?» አለ ሹፌሩ።

«አባቴን!» አልኩት ቀና ብዬ።

ወንበሩን የለቀቀልኝ ሰው ብቻ አልሳቀም። ሰዒድ ይባላል፤ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው። ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየና የምን ሞተር እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ሱብሃነላህ! የወንድሜ ሞተርም ይኸው ነው፣ አላህ ይዘንለትና። ገደል ገብቶ የሞተር ሳይክሉ ፊት ተሰባበረ እንጂ ሞተሩ ደህና ነበር። ጓሮ ዶሮ ያድርበታል። ነይና ውሰጂው እህቴ፣ ዝጎ ከሚያልቅ።»

በነጋታው ወደ አልዩ አምባ ወረድኩ። ዶሮዎቹን አባረን አወጣነው። ሞተሩን አስፈትቼ ክራንክሻፍቱን ይዤ፣ የራሴንም ሞተር ሳይክል አስጭኜ እንደገና ጋሼ ታደሰ ዘንድ ሄድኩ።

«ደግሞ ሌላ ብረት አመጣሽ?»

«አዎ። አልነካውም ካሉ መፍቻዎን ያውሱኝ፣ እኔው እገጥመዋለሁ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ብረቱን ተቀብለው አሽከረከሩት። «ቀጥ ያለ ነው» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። በአዲስ ኩሽኔታ ገጠሙት። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣ።

ዛሬም እነዳዋለሁ። ዘይቱን ጊዜው ሳያልፍ እለውጣለሁ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ። አሁንም መንገድ ላይ ቆሞ የሚሳለቅብኝ አይጠፋም። አንድ ቀን እንደገና ሊሰበር እንደሚችልም አውቃለሁ። ይሰበር! እስከዚያው ግን የታመመ በግ ያለበት ቤት ሁሉ ገና ከሩቅ ስመጣ ሰምቶ በሩን ይከፍትልኛል።