ሁላችንም የምናውቀው ሲጋራ

አባቴ የሚያጨሰው ከወፍጮ ቤታችን ጀርባ፣ ባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ነው። ሲጨርስ ጤና አዳም ያኝካል፤ ቅጠሉ ከጃኬቱ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ ታውቃለች፣ እኔ አውቃለሁ፣ እህል ሊያስፈጭ የሚመጣው ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ግን በከተማችን በመካነ ኢየሱስ፣ እንደ አባቴ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆነ ሰው ያጨሳል አይባልም። ትምባሆ ነውር ነው፤ ስሙም አይነሳም።

አምና ከሆዱ ተነስቶ ጀርባውን የሚወጋ ሕመም ጣለው። ጉልበቱን አቅፎ፣ እጥፍ ብሎ ያስመልሰው ነበር። በአውቶቡስ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ቆሽቱ ተቆጥቷል አለን።

"ይጠጣሉ?"

"ለበዓል ጠላ። ከዚያ አያልፍም።"

"ያጨሳሉ?"

"እኔ? ማተቤን አስሬ?" አለ አባቴ፣ እንደተሰደበ ሰው።

የንስሐ አባቱ ራስጌው ቆመው ነበር። እናቴ ወለሉን አየች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ደግሞ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ያን ቀን ግን ዓይን አፋርነቴን መደበቂያ አደረግሁት።

ዓመቱን ሙሉ እናቴ ወጡን ያለ ቅቤ ሠራች። እሱ ከጀሪካኑ ላይ አልቀረም።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። ያው ሐኪም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። አብራን የመጣችው አክስቴ ቀደመች።

"ኧረ ዶክተር፣ ይችው ናት ቆሽቱን ያሳረረችው! የመጣላትን ባል ሁሉ እየመለሰች!"

ሳቀች እንኳ። አባቴ ዝም አለ። ያንገበገበኝ ያ ዝምታው ነው። ሲጋራው እንዳይነሳበት በእኔ ሲሳበብ እያየ ፈቀደ።

"ያጨሳል" አልኩ። "እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ። አሁንም ኪሱ ውስጥ አለ።"

"አንች!" አለ አባቴ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ሲጋራ የሚጎዳው ሳንባን ብቻ አይደለም አለ፤ ሰው ባይጠጣም ቆሽቱን ይጎዳል፣ መጠጥ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ማጨሱን ከቀጠለ ሕመሙ እየተመላለሰ ስኳር ሊያስከትል፣ ለቆሽት ካንሰርም ሊያጋልጠው ይችላል። ካቆመ ግን የመመለሱ ዕድል ይቀንሳል።

"አምና ብትነግሩኝ አምናውኑ እንነጋገርበት ነበር" አለ።

አምና!

ይደነግጣሉ ብዬ፣ እንደ አምናው ራስጌው የቆሙትን የንስሐ አባቱን ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ልጄ፣ እኔማ ከድሮም አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "እንዳያፍር ብዬ ነው።"

መጮህ አማረኝ። እናቴ ከእሳቸው ስትደብቅ፣ እሳቸው ያወቁትን ሲደብቁ፣ እኔ ሁሉንም ሳፍር አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቅነው ስሙን ነበር። ሰውየውን ማንም አልጠበቀውም። እኔም።

ሁሉም ወጥተው ሁለታችን ስንቀር አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ጃኬቴን አምጭ፤ በረደኝ።"

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጃኬቱን ከአልጋው ብረት ላይ አነሳሁት፤ ፓኮው ኪሱ ውስጥ እጄን ቆረቆረኝ።

"ጋቢውን ደርብ።"

"አምጭ አልኩሽ!"

"አላመጣም፣ አባባ።"

ጃኬቱን ራሴ ለበስኩት። እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ ወረደ፤ ዱቄት ዱቄት፣ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸታል። ወንበር ስቤ በሩና አልጋው መካከል ተቀመጥኩ።