የጋሼ ደበላ ንቦች

ይህን ከንስሐ አባቴ እንኳ ሸሽጌአለሁ። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ተናዝዣለሁ፤ ስለ ጋሼ ደበላ ንቦች ግን ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ያኔ መቱ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጥናቴ የማንጎ አበባ ላይ የሚያርፉ ነፍሳትን መለየት ስለነበር፣ እዚያው አቅራቢያ ሁሩሙ ሄጄ ንብ አናቢው ጋሼ ደበላ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ማንጎው ሲያብብ ግቢው ከጠዋት ጀምሮ በንብ ድምፅ ይሞላል። ነጠላዬን ከሥር ዘርግቼ ቅርንጫፉን ስነቀንቅ ጥንዚዛዎች ይወርዱልኛል፤ አረንጓዴው፣ ነጠብጣብ ያለበት ቀዩ፣ እንደ ተልባ የሚያብለጨልጨው። ጋሼ ደበላ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው ስማቸውን ይጠይቁኛል። የላቲኑን ስም ስነግራቸው፣ ይቺን የምታህል ነገር ያን የሚያህል ስም ተሸክማ እንዴት ትበራለች ብለው ይስቃሉ።

እኔ ግን ቸኮልኩ። ትልልቆቹ ጥንዚዛዎች ቅርንጫፉ ሲነቀነቅ በረው ያመልጡኛል፤ መመረቂያዬም ደርሷል። ከሱቅ የተባይ መርዝ ገዛሁ። ያበበ ዛፍ ላይ መርዝ እንደማይረጭ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም፤ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። ጋሼ ደበላ ገበያ የወጡበትን ቀን ጠብቄ ማንጎውን ረጨሁት። እኔ ነኝ የረጨሁት። ጥንዚዛዎቹ እንደተመኘሁት ነጠላዬ ላይ ረገፉ። ንቦቹም ረገፉ። ግቢው ጥግ ካለው ዋንዛ ላይ ከተሰቀሉት ቀፎዎቻቸው ሥር መሬቱ በሞተ ንብ ጠቆረ፤ የተረፉትም ጥለው ሄዱ።

በዚያው ሳምንት ጋሼ ደበላ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ነበር። ጥፋቱ የታናሽየው እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ግን እዚያ ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይቀመጥም ይባላል። ጋሼ ደበላም ንቤን ያባረረው የገዛ አፌ ነው አሉ። ታላቅ ሆነው ሳለ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ታናሻቸው እግር ላይ ወደቁ። ዋንዛው የቆመበትን ጥግም ለቀቁለት፤ ንብ ለሌለው ሰው ምን ያደርጋል ብለው።

እኔስ? እኔ በራፌ ላይ ቆሜ አየሁ። አንድ ቃል ብናገር ያ ድንጋይ ከጫንቃቸው ይወርድ ነበር፤ አልተናገርኩም። አንዳንዴ፣ ዝም ማለቴ ወንድማማቾቹን አስታርቋል እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ውሸቴን ነው። ዝም ያልኩት ለዲግሪዬ ፈርቼ ነው።

ከዓመታት በኋላ መቱ ገበያ አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን ማር ሲሸጡ የኖሩት ሰውዬ ማር ይገዛሉ። ከዚያ ወዲህ ቀፎ ሰቅለው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ያዝ አድርገው፣

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ እንኳ ተምረሻል» አሉኝ። «ንብ ሰውን አንዴ ከጠላ፣ መልሶ አይታረቅም?»

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው።

አውቅ ነበር። ለመርዙ ልጅነቴን ላመካኝ እችል ይሆናል፤ ለዚያች መልስ ግን የማቀርበው ምክንያት የለኝም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው አምና ተቀበሩ፤ እስከ መጨረሻው ንብ የጠላኝ ሰው ነኝ እንዳሉ።